ሙቋን የማትነሳው ሞተር

ባለቤቴ እልኸኛ ናት። ለማማት አይደለም፤ እኔም በእልህ የማልታማ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ማን ማንን እንደሚበልጥ ግን በደንብ አውቄያለሁ። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ጀልባ መንዳት የጀመረችው ዓይኔ ደክሞ፣ ከፊቴ የቆመው ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን መለየት ሲያቅተኝ ነው። «እንግዲህ ጀልባዋን እንሽጣት» ብላት፣ «ምን በወጣት! እኔ እነዳታለሁ» አለችና በሳምንቱ መሪውን ጨበጠች።

እኛ ጋ ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች ተራ የሚይዙት በማኅበር ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሴት መሪ መያዟን ከመጀመሪያውም አልወደደውም። ግን ምን ብሎ ያስቁማት? ሰበብ የሰጠችው ሞተራችን ናት። ሁለት ጊዜ ሐይቁ መሐል ቆመችና ባለቤቴ ከነተሳፋሪዎቿ በገመድ ተጎትታ መጣች። ሁለተኛ ጊዜ በተጎተተችበት ቀን ሊቀመንበሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቅዳሜ ባዶ ጀልባ ይዘሽ ማዶ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። አሁንም ከተጎተትሽ ከተራ ትወጫለሽ፤ ጨርቅሽን ትሰፊያለሽ» አላት። «እሱን እናያለን» ብላው ሄደች።

እኔስ ምን አልኩ? እዚያው ቆሜ፣ «በእኔ እጅ እያለች አንድ ቀን ቆማ አታውቅም!» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ዓይኑን ሲያጣ አፉ ይተርፈዋል መሰለኝ።

ሞተሯ አሮጌ ናት። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡራቶሮች አሏት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለች ገመዷ አንዴ ሲሳብ ትነሳለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ድርግም! ሙቋን አንዴ ከጠፋች ደግሞ ክንድህ እስኪገነጠል ገመዱን ብትስብ ወይ ፍንክች። የሰፈራችን መካኒክ ሁለት ጊዜ ካርቡራቶሮቹን ፈቶ በቤንዚን አጠበ፣ ነፋ፣ መልሶ ገጠመ። ባለቤቴ ሦስተኛ ጊዜ ስትጠራው፣ «እትዬ፣ አትድከሚ። ይቺ ዕድሜዋን ጨርሳለች፤ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጫት» አላት።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ሁለቱንም ካርቡራቶር ፈትታ ቤት አመጣች። የደንበኛ ሱሪ ገፋ አድርጋ፣ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፈችና ደረደረቻቸው። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። እኔ ጎኗ ተቀምጬ አዛዥ ሆንኩ።

«ካንዴላዎቹን አይተሻል?» አልኳት፤ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሱትን ማለቴ ነው።

«አይቻለሁ። የላይኛው ደረቅና ቡናማ ነው። የታችኛው ጥቁርና እርጥብ። ባቀያይራቸውም ያው ነው፤ ታች የገባው ይጠቁራል።» ከዚያ ሥራዋን አቆመችና፣ «እስቲ ንገረኝ፣ ሞተሯ አርጅታ ከሆነ ለምን ሁለቱም አንድ ላይ አላረጁም? ታች ያለው ብቻ ነው ቤንዚን የሚበዛበት» አለች።

እውነቷን ነው። መካኒኩም እኔም ያላሰብነውን እሷ አሰበችው። ውስጥ ያለውን የቤንዚን መጠን የሚጠብቁትን ተንሳፋፊዎች አነጻጸረች፤ ልክ ናቸው። ቤንዚን የሚዘጉትን ቫልቮች ነፋች፤ አያሳልፉም። በመጨረሻ ከየካርቡራቶሩ ቤንዚን የሚለካውን ባለቀዳዳ የናስ ብሎን አወጣችና ቀጭን መርፌ አነሳች። ባለቤቴ መርፌ የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው። ከላይኛው ብሎን ቀዳዳ ስትከታት ግማሽ ላይ ቆመች። ከታችኛው ስትከታት እስከ ክር ማስገቢያዋ ድረስ ሰተት ብላ ገባች።

«ይሄን ቀዳዳ ማን አሰፋው?» አለች።

ጉዴ ፈላ! ያሰፋሁት እኔ ነኛ። ስንት ዓመት ሙሉ ሞተሯ ትንሽ ባስነጠሰች ቁጥር ከመርፌ ቆርቆሮዋ መርፌ እየሰረቅሁ ያቺን ቀዳዳ ስጎረጉር ኖሬያለሁ። የታችኛዋን ብቻ፤ ምክንያቱም እጅ ስር ናት። የላይኛዋን ለማግኘት ብዙ መፍታት አለ፤ ማን ይለፋል? ናስ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ በመርፌ እየተፋቀ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ቤንዚን ያበዛል። ብረቷን በእጄ እየገደልኩ ሳክማት ነበር ማለት ነው።

«ፋብሪካው ይሆናላ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና ተነስታ ወጣች።

የሄደችው መካኒኩ ጋ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሞቱ ሞተሮች ክምር አለ። የእኛን የምትመስል ሞተር ባገኘች ቁጥር ካርቡራቶሯን እየፈታች መርፌዋን ስትሞክር፣ መካኒኩ፣ «እትዬ፣ ቀሚስ ልትሰፊላት ነው እንዴ?» እያለ ይስቅ ነበር አሉ። «አንተ ዝም ብለህ ካቻቢቴውን አቀብለኝ» አለችው። ሰባተኛው ላይ መርፌዋ ልክ ግማሽ ላይ ቆመች። ብሎኑን ወስዳ ገጠመችው።

ቅዳሜ ዳርቻው በሰው ተሞላ። ባለቤቴ ባዶ ጀልባዋን ይዛ ወጣች። እኔ አርቄ ስለማላይ ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ ቆምኩ። የሞተሯ ድምፅ እኩል ነው፤ አትንተፋተፍም፣ አትንቋቋም። ማዶ ደርሳ ዞረች አሉ። ስትመለስ እኔ ዳርቻው ልትደርስ ጥቂት ቀራት ብዬ ስገምት ድምፅዋ ቀጥ አለ።

አንዱ ሳቀ። ሊቀመንበሩ፣ «ገመድ አዘጋጁ! ድሮም ነግሬያችኋለሁ፤ የደህና ሰው ሞተር ሴት እጅ ገብታ ተበላሸች» አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደሜ ፈላ።

«ዝም በል!» አልኩት። «ያበላሸኋት እኔ ነኝ! ሰምታችኋል? እኔ! በመርፌ ጎርጉሬ ቀዳዳዋን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ‹በእኔ እጅ ቆማ አታውቅም› ያልኩትም ውሸቴን ነው፣ ስንት ጊዜ ቀዝፌ መጥቻለሁ! ሐሙስ ስትጠይቀኝም ካድኳት። ከእናንተ ሁሉ ሞተር የምታውቅ እሷ ናት፣ ከእኔም ጭምር! የሚጎትታት ካለ መጀመሪያ እኔን ይጎትት!»

ተናግሬ ስጨርስ ትንፋሼ አለቀ። ያን ጊዜ ከውሃው ላይ የሞተሯ ገመድ ሲሳብ ተሰማ፣ አንዴ ብቻ። ሞተሯ ተነሳች።

ስትጠጋ ሊቀመንበሩ ለወጉ ያህል፣ «ቆማብሽ ነበር» አላት።

«አልቆመችም። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሙቋን አጥፍቼ ማስነሳቴን አይተህ እርፍ እንድትል ብዬ ነው። ሰኞ ተራዬ ስንተኛ ነው?»

«ሁ… ሁለተኛ» አለ ሊቀመንበሩ።

እጇን ይዤ ከጀልባዋ አወረድኳት። እጇ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«ምነው አንቺ፣ እንዲህ ታስደነግጪኛለሽ?» አልኳት። «ለማሳየትስ ቢሆን ጠፍታ ያን ያህል መቆየት ነበረባት?»

«ወዲያው ላስነሳት ገመዱን ይዤ ነበር» አለች። «ከዚያ ድምፅህን ሰማሁ። እስክትጨርስ ጠበቅሁህ።»