ጂቱ የሰፋቻቸው ዘጠኝ ሰማያዊ ጃኬቶች

ጂቱ ቶለሳ አምቦ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ ልብስ ሰፍታለች። ሱቋ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ናት። አንድ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ረድፍ ማንጠልጠያ። በግራ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ጃኬት ይሰቀላል፣ በቀኝ የግሉ ወይን ጠጅ። ሱሪው የሁለቱም ጥቁር ስለሆነ ልጅ መንገድ ላይ የሚለየው በጃኬቱ ነው።

ሥራ ስትጀምር በሁለቱም ረድፍ ስሙ የተደባለቀ ነበር። በ2008 መስከረም ግን ልክ የምትጽፍበት ደብተር ሌላ ሆኗል። ሰማያዊውን ካዘዙት መቶ አርባ ልጆች፣ ቤታቸው አማርኛ የሚናገሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም የግሉ ክፍያ ያልተቻላቸው። ወይን ጠጁን ካዘዙት ሰባ ልጆች ግማሹ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ ግማሹ የኦሮሞ ነጋዴና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጆች። የገበሬ ልጅ አንድም የለበትም። በመንግሥቱ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በግሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ተለያዩ ብሎ ያዘዘ የለም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ እዚህ ደረሰ።

አሰፋፉም አንድ አይደለም። የሰማያዊው እናት ስትመጣ፣ «አዴ ጂቱ፣ አራት ጣት ጨምሪበት፤ ለሦስት ዓመት ይሁነው» ትላለች። እጅጌው ጣት ይሸፍናል፣ ወገቡ ይነፋል፤ ልጁ በሦስተኛው ዓመት ይሞላዋል፣ ያኔ ቀለሙ ሄዷል። የወይን ጠጁ እናት በየመስከረሙ አዲስ ስለምታሰፋ ልኩን ነው የምትፈልገው። ትከሻው ላይ አንድ እጥፋት ካየች ትመልሰዋለች።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በተቃውሞው መንገድ ተዘጋ መባል በተጀመረበት ሳምንት፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት ሩት ልጇን ይዛ መጣች። ልጇ ኤልያቄም አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የግሉ ተማሪ።

«እትዬ ጂቱ፣ አንድ ሰማያዊ ስፊለት።»

ጂቱ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ አየቻት። «ትምህርት ቤት ልትቀይሪው ነው?»

«አይ፣ ለመንገድ ነው። ከድልድዩ እስከ ቤት ከላይ ይደርበዋል።»

«ማን ምን አለው?»

«እስካሁን ማንም ምንም አላለውም። እስኪሉት ልጠብቅ?»

ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ እጁን ዘረጋ። ጂቱ ለካችው፣ ጻፈች። ሩት ስትወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሌላ ሰው አትንገሪ» አለቻት። እሷ አልተናገረችም። ግን በዚያው ሳምንት ስምንት የግል ተማሪዎች እናቶች በየተራ መጥተው ያንኑ አዘዙ፤ ሁለቱ የኦሮሞ ነጋዴ ሚስቶች ናቸው። ሁሉም፣ «ለመንገድ ነው» አሉ፣ ሁሉም፣ «አትንገሪ» አሉ። ጂቱ ዘጠኙን በስድስት ቀን ጨረሰች። ለእነዚህ ደንበኞች እንደምትሰፋው ሰፋችው፦ ትከሻው ልኩን፣ እጅጌው አንጓ ላይ፣ ወገቡ ያልተነፋ። ስትሰቅላቸውም በሥራዋ ደስ ብሏት ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት መቲ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጣች። መቲ የጂቱ ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ የመንግሥቱ ተማሪ።

«እማ፣ የሩትን ልጅ ድልድዩ ላይ አስቁመውት ነበር።»

«እነማን?»

«ትልልቆች ናቸው፤ አላውቃቸውም። እጅህን ወደ ላይ አንሳ አሉት። አነሳ። ጃኬቱ ከወገቡ ንቅንቅ አላለም። ሳቁበት። ‹ይሄን የሰፋልህ አባትህ ሚኒስትር ነው እንዴ?› አሉት።»

«መቱት?»

«አልመቱትም። አንዱ፣ ‹ጆንያ ለባሽ ስትሉን አልነበር? ታዲያ ጆንያህ የታለ?› አለውና አስወልቆ ወሰደበት። ‹አዲስ ሰማያዊ ዘጠኝ አይተናል፤ ለስምንቱም ንገራቸው› አሉት።»

ጂቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለቱን ልብስ ስትሰፋ፣ አሁን ሰማያዊውን በወይን ጠጁ አሰፋፍ መስፋቷ እስከዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። የመንግሥት ተማሪ በኅዳር ወር አዲስ ጃኬት አይለብስም፤ ልኩን ደግሞ ከነጭራሹ።

ረቡዕ ጠዋት ሩት መጣች። አልጮኸችም፤ ያ ነው ጂቱን የከበዳት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ጂቱ። «ጨርቁን አስመሰልኩ እንጂ ልጁን አላስመሰልኩም።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«የመቲን አሮጌ ይውሰድ። ቁመታቸው እኩል ነው፣ ይሰፋዋል፣ ክርኑም ላይ እራፊ ተጥፎበታል። የስምንቱንም እንዲሁ እናድርግ፤ አዲሶቹን መልሱልኝ፣ እኔ ከሰማያዊዎቹ ቤት በአሮጌ እቀይርላችኋለሁ።»

አዲስ በአሮጌ ለመቀየር እምቢ የሚል ጠፋ። ጎረቤቷ ወርቂቱ ብቻ ጃኬቱን ገልብጣ ስፌቱን እያየች፣ «ምን ነክቶሽ ነው ጂቱ? ገና ሳይደርስ የገና ስጦታ?» አለቻት። ጂቱ ሳቀችና አሮጌውን በፌስታሉ ከተተች። ወርቂቱ አዲሱን ለልጇ ለአያንቱ ወሰደች። እስከ ሐሙስ ማታ አምስቱ ተቀየሩ፤ ልጅ በልጅ ቁመት እያመሳሰለች፣ አሮጌውን ከቤት ወደ ቤት በፌስታል እያመላለሰች።

ለመቲ አዲስ ቆረጠችላት። የተረፋት ጨርቅ ለትርፍ እጥፋት ስለማይበቃ ልኳን ሆነ። መቲ መስታወቱ ፊት ሁለት ጊዜ ዞረች። «እማ፣ እጄ እኮ ይታያል!» አለች። በሕይወቷ ልኳ የሆነ አዲስ ጃኬት ስትለብስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዓርብ ትምህርት ቤቶቹ ሳይታሰብ በእኩለ ቀን ለቀቁ። ከአውቶቡስ መናኸሪያ በኩል ጩኸት ይሰማል፣ ሱቆች ይዘጋሉ። ጂቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ኤልያቄምን ነው። የመቲን አሮጌ ጃኬት ለብሶ፣ እጅጌው ጣቱን ውጦት፣ አንገቱን ደፍቶ በልጆች መሐል አለፈ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ጂቱ ተነፈሰች።

መቲ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣች፣ ብቻዋን። የግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ይዛዋለች። ስፌቱ ተተርትሯል፣ ከሥሩ ደም አለ።

«ድንጋይ ነው» አለች። «ከማዶ ነው የወረወሩት።»

«አላወቁሽም? በአፋን ኦሮሞ አልተናገርሻቸውም?»

«ተናገርኩ እንጂ! ሩቅ ናቸው እማ፣ አይሰሙም። ‹ያቻት አዲሷ› ብለው ሲጮኹ ሰማሁ፣ ከዚያ ወረወሩ።»

ጂቱ ቁስሉን በውኃ አጠበችው፣ ጥልቅ አይደለም። በንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችው። እጇ ሥራውን ሲሠራ ዐይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ከስምንቱ ሦስቱ እዚያ ተሰቅለዋል። አምስቱ በአምስት ልጆች ትከሻ ላይ ናቸው፤ በገዛ እጇ ነው ያለበሰቻቸው።

«ቁጭ በይ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፊ» አለቻትና ወጣች።

በመጀመሪያው ቤት ልጁ ገብቶ ምሳ ይበላል። ምክንያቱን ሳትነግራቸው ጃኬቱን ተቀበለችው፣ እናትየው ግራ ገባት። በሁለተኛው ሁለት እኅትማማቾች አልጋ ሥር ተደብቀው አገኘች፤ የሁለቱንም ወሰደች። በሦስተኛው ቤት ልጁ ጃኬቱን ጓደኛው ጋ ጥሎት ሮጦ ነበር የመጣው። ጂቱ ሦስቱን ጃኬት ብብቷ ሥር አድርጋ የወርቂቱን በር አንኳኳች። ወርቂቱ ራሷ ከፈተች። ነጠላዋን የደረበችው ለመውጣት እንደሆነ ያስታውቃል።

«አያንቱ ገባች?» አለች ጂቱ።

«እኔም እሷን ልፈልግ ነው» አለች ወርቂቱ። «ካንቺ ጋ ያለች መስሎኝ ነበር።»