የእናቴ ፎቶና «እሺ በለው» ያልኩበት ቀን

ቶለራ የሚባል የነቀምቴ ፎቶ አንሺ አንድ ለእናቱ የነበረውን የእናቴን ፎቶ አበላሸብኝ፤ ጥፋቱንም በእኔ መሃይምነት ላይ ለጠፈ። እህቴ ጦይባ የእሱን ቃል አምና አሥራ ስምንት ዓመት አኮረፈችኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ዘንድሮ የጦይባ ልጅ ሐያት ስልኳን ይዛ መጣች። እናቷ ብታኮርፈኝም እሷ ትጠይቀኛለች።

«አጎቴ፣ አያቴን አጠራኋት!»

ያንን የተበላሸ ፎቶ በሆነ አፕ አሳልፋዋለች። አየሁት። ቅንድቧ የተቀነደበ፣ ጉንጯ የለሰለሰ ሴት ትስቃለች።

«ይህቺ ማን ናት?»

«አያቴ ናት እንጂ!»

«እናቴ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት። ይህቺን ሴት አላውቃትም።» ስልኩን መለስኩላት። ሐያት ምንም አላጠፋችም፤ የበላኝ የድሮው ንዴት ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነቀምቴ ገብቼ መናኸሪያ ጆንያ እሸከም ነበር። እናታችን ስትሞት የቀረን ምስል በጦይባ ሰርግ የተነሣ፣ አርባ ሰው ተደርድሮ የቆመበት አንድ ፎቶ ብቻ ሆነ። እሱም ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው፤ ያነሣው ሰው የራሱን ቅጂ አጥፍቶታል። ጦይባ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። «የእማዬን ፊት ለብቻ አስወጣልኝ። አደራ!»

ነሐሴ ነበር። የበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ጭቃ ጫማ ያወልቃል፤ በየደጁ በቆሎ እሸት ይጠበሳል። አንድ ራስ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ፎቶ ቤት ገባሁ። ቶለራ እኩያዬ ነው፤ በሚሽከረከር ወንበሩ ዞር ብሎ ሰላም አለኝ።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦሌሳ! ጉርድ ነው?»

«አዎ፣ ጉርድ» ብዬ ካርዷን ሰጠሁት። ጉርድ ሲል እናቴን ከሰዉ መሀል ቆርጦ ማውጣት መስሎኝ ነው። እሱ ግን አርባውን ሰው እንዳለ ለመታወቂያ እንደሚለጠፍ ፎቶ አሳነሰው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«እሺ ልበለው?» አለኝ።

«እሺ በለው።»

ጠቅ አደረገው። ሰዉ ሁሉ ጉንዳን ሲያክል ደነገጥኩ። እናቴን በጣቴ እያሳየሁ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «እሷን! ፉላ ጉቱ!» አልኩት። ሙሉ ፊቷን ማለቴ ነው። ፉላ ግን በኦሮምኛ ፊትም ነው፣ የወረቀት ገጽም ነው። እሱ ሙሉ ገጽ ብሎ ሰማኝ። ያቺን ጉንዳን ቆርጦ ወረቀት ሙሉ ለጠጣት። ከማተሚያው የወጣው ሰው አይደለም፤ ቡናማና ግራጫ አራት ማዕዘን እንደ ወለል ሴራሚክ የተነጠፈበት ወረቀት ነው።

«ከዋናው ሥራልኛ!»

«ዋናው የለም። ትንሹ በላዩ ላይ ሴቭ ሆኗል። እሺ በለው ያልከው አንተ!»

«ምን ብሎ እንደጠየቀ መች ነገርከኝ?»

«ፊትህ ተጽፎ! ማንበብ ካልቻልክ ፎቶ ቤት ምን ትሠራለህ? ሂድ፣ ጆንያህን ተሸከም!»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ጦይባ ከጊዳ አያና መጥታ ስትጠይቀውም ያንኑ ነገራት። «እማዬን ሁለቴ ቀበርካት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለዒድ እንኳ ደጇን አልረገጥኩም።

በሠላሳ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ለዕውቀት ፍቅር አይደለም፤ በእልህ ነው። ዛሬ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ ኮምፒውተርም እነካለሁ። ፎቶ እንደ በቆሎ ራስ በፍሬ የተሞላ ነው፤ ፍሬዋን ፒክስል ይሏታል። ስታሳንሰው ፍሬው ይረግፋል። መልሰህ ብትለጥጠው የቀረችው ፍሬ ታብጣለች እንጂ የረገፈው አይመለስም። የሐያት አፕም አልመለሰውም፤ ከሰው ማሳ ለቅሞ ሰካበት። ይህ ለእኔ ለጆንያ ተሸካሚው ገብቶኛል። ቶለራ ግን እንጀራው ነበር!

ሐያትን «እናትሽን አምጪልኝ» አልኳት። ለምና አመጣቻት። ሦስታችን ቶለራ ዘንድ ሄድን። ሸብቷል፤ ዛሬ በአክብሮት «ኦቦ» ይለኛል። በራሱ ኮምፒውተር አንድ ፎቶ አሳነስኩና ሴቭ አልኩ። ያ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በእንግሊዝኛ።

«ለእህቴ አንብብላት» አልኩት።

«ኦቦ እንድሪስ፣ የድሮ ነገር ምን ያደርጋል…»

«አንብብላት!»

ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ። ሐያት አነበበችው። «በዚህ ስም ሌላ ፎቶ አለ፤ አጥፍቼ ልተካው ወይ? ነው የሚለው።»

ቶለራ ቀና ብሎ ጦይባን ማየት አቃተው። «አዴ ጦይባ፣ ያኔ እኔም አላነበብኩትም። እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ይህ ነገር ሲመጣ እሺ በል ብለው ነው ያስተማሩኝ።»

ጦይባ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። «ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አለችኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ቶለራን ይቅር በለው የሚሉኝ አሉ። አላልኩትም። አለማንበብ አያሳፍርም፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። ሳያነብ እንዳነበበ ሆኖ ሰው ፊት ያዋረደኝ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። የእናቴ ፊት ጠፍቷል፤ አይመለስም። የእኔና የጦይባ ኩርፊያ ግን አልቋል። ያለቀው የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ነው።