አልተሳሳተም ያልኩ ዕለት

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ቂም መያዜን ሁሉ ነግሬያለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ስንት ጊዜ ከፊታቸው ተንበርክኬ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ያሬድን ወደ ጦር ሜዳ የላክሁት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ዛሬ አትላስ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ፣ እማማ አስካለ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት ቀጠልኩ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ሰው «ኧረ ተይው» የሚለውን ነጥብ እኔ አልተወውም ነበር።

ያሬድ የእማማ አስካለ ልጅ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ድራም መቺ። አንድ እሑድ ከውጭ የመጣ ካሴት ከነማጫወቻው ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ነገር መቁጠር ይወዳሉ አይደል? እስቲ ይሄን ሰውዬ ይቁጠሩልኝ።»

ሮክ ነው፤ ግን ረጅም፣ መንገዱን የሚቀያይር ዓይነት። ድራም የሚመታው እንግሊዛዊ የሰከረ መሰለኝ።

«ይሄማ ይደነቃቀፋል» አልኩት።

«ይደነቃቀፋል?» ሳቀብኝ። «በጣትዎ ይያዙትና ይፍረዱ።»

ቆጠርኩ። አራት ላይ ይዘጋል ብዬ ስጠብቅ ሰባት ላይ ዞረ። እንደገና ሰባት። አራተኛ ጊዜ ስሰማው ገባኝ። ሰውዬው ጉልበቱን አያሳይም። የትንሿ ከበሮ ድምፅ ደረቅ ነው፣ ጣውላ በጥፍር እንደመንካት። በትልልቆቹ ምቶች መካከል ሹክሹክታ የሚመስሉ ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ጆሮ ካልሰጣችኋቸው የሉም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን የሚጠበቀውን ምት መንፈጉን ነው። እዚህ ይመታል ስትሉ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ተቆጥሯል።

ያሬድ የጎማ ቁራጭ ላይ አብሮት ይመታ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ካሴቱ ጨርሶ አይሰማም፤ እሱ ግን አያቋርጥም። ጩኸቱ ሲርቅ የሁለቱ ዱላ እኩል ይወርዳል። ሲስት ልይዘው ስንት እሑድ ጠበቅሁ፤ አንድም ቀን አልያዝኩትም።

ኪነቱ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ውድድር ሲዘጋጅ፣ ያሬድ አንዱን የሰልፍ ዜማ በሰባት መታው። ሰልፈኞቹ እግራቸው ተጠላለፈ፤ ሰው ሳቀ። በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በእኛ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ያለ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና አይመለመልም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

የኪነቱ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ተነሡ።

«ልጁ ተሳስቶ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እጁን አዳልጦት ነው። አለማምደዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አልቆ ነበር እኮ! እኔ የቀረኝ «ተሳስቶ ነው» ብዬ መጻፍ ብቻ ነበር።

እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«አልተሳሳተም» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያ ክፍል ማንም ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። በጣቴ አንጓ ጠረጴዛውን እየመታሁ ሰባቱን አሳየኋቸው፤ የቱ ጋ እንደሚዘል፣ ለምን እንደሚያምር።

«ሆን ብሎ ነው ማለት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሽ ታደሰ በዓይናቸው ለመኑኝ። አየኋቸው።

«አዎ፣ ሆን ብሎ ነው። ከእንግሊዝ ካሴት የተማረው ነው።»

«ከኢምፔሪያሊስት ካሴት» ብሎ አረመኝ። «ጻፊው፣ ጓድ ሙሉነሽ።»

ጻፍኩት። በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩት።

ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ ያን የመሰለ ጥበብ ስህተት ሲባል አላስችል ብሎኝ ነው የሚል ነው። ውሸት ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን «ሆን ብሎ ነው?» ተብዬ ስጠየቅ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም? አወቅሁ። ታዲያ ለምን ቀጠልኩ? እየሰሙኝ ስለነበረ። በሃያ ስድስት ዓመቷ ሀ ብላ የጀመረች ሴት፣ እነሱ የማያውቁትን ስለምታውቅ። ለዚህች ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ያሬድ ከኪነቱ ተሰናበተ፤ ወር ሳይሞላ ተመለመለ። እማማ አስካለ የመጡት ወደ እኔ ነው።

«ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ። ያንቺን ጽሕፈት ያከብራሉ።»

ጻፍኩ፦ «ልጄ ያጠፋው ተሳስቶ እንጂ ሆን ብሎ አይደለም።» ይዣቸውም ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ማመልከቻውን አነበበ። ከመሳቢያው ቃለ ጉባኤውን አወጣ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ እኔ ገፋቸው። አንድ ዓይነት «ሰ»፣ አንድ ዓይነት «ነ»። እማማ አስካለ ማንበብ አይችሉም፤ አንዴ ወረቀቶቹን፣ አንዴ ፊቴን ያያሉ።

ደጅ ስንወጣ «ምን አለ?» አሉኝ።

«አይሆንም አለ።»

«አንቺማ ምን ታደርጊ። እጅሽ ይባረክ» ብለው እጄን ሳሙት።

እጄን አልነጠቅሁም። ይሳሙት ብዬ ቆምኩ።

ያሬድ አልተመለሰም። እማማ አስካለ ካሴቱን «የሚገባው ላንቺ ነው» ብለው ሰጡኝና ሳያውቁ አረፉ። ዛሬም አለ፤ ማጫወቻ ግን ኖሮኝ አያውቅም፣ አልገዛሁም። አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ብቻ ጣቴ ሳላዘው ሰባት ይቆጥራል፤ ጩኸቱ ሲርቅ እኩል የሚወርድ ዱላ የለም።

ይህን አንብባችሁ የምታዝኑልኝ ትኖሩ ይሆናል። ቸኩላ ነው፣ ሳታስበው አምልጧት ነው፣ ተሳስታ ነው ትሉልኝ ይሆናል። ጋሽ ታደሰም ለያሬድ እንዲህ ነበር ያሉለት። እኔ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፤ እንደሆነው ጻፉልኝ።

አልተሳሳትኩም። ሆን ብዬ ነው።