ባህሩ ጨው ነው በያት

እናቴ ስትሞት እኔ ማላዊ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የተነፈሰ ጎማ እየለጠፍኩ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ቤቴ ልገባ ከወናጎ ዲላ ያለው ቁልቁለት ብቻ ሲቀረኝ።

ከዲላ ተነስቼ ኬፕታውን ድረስ ብቻዬን በብስክሌት ሄጃለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ስለ ዝሆኑ፣ ስለ አንበሳው፣ ስለ ድንበሩ ይጠይቀኛል። ዝሆን አይቻለሁ። ታዲያ ምን ይጠበስ? እንዲህ ስመልስ ሰው ይቀየመኛል፤ ይቀየም።

እናቴ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ሳሙናም ክብሪትም ትሸጣለች፤ ዋናው ግን ጨው ነው። በገበያ ቀን ከወናጎ በኩል የሚመጡ ሴቶች ከሷ ጨው ሳይገዙ አይመለሱም። ጌዴኦኛ ስታወራ የጎንደር ቅላጼዋ አይለቃትምና እየሳቁባት ይገዟታል። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

ለጉዞው ብዬ የስፖርት መምህርነቴን ስለቅ አባቴ አኮረፈኝ። እሷ ግን አንዴ ብስክሌቱን አንዴ እኔን አየችና፣ «ሰው በአውሮፕላን በሚሄድበት ዘመን አንተ እየረገጥክ አፍሪካን ልትጨርስ ነው? በል እሺ፤ ከሄድክ አይቀር አንድ ነገር ታደርግልኛለህ» አለችኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስሸጥ ባህር አይቼ አላውቅም። እውነት ጨው ከሆነ ቅመስና ንገረኝ። በሰው እንዳትልክብኝ፤ ራስህ ነህ የምትነግረኝ።»

መንገድ ላይ ኔትወርክ ባገኘሁበት ሁሉ እደውላለሁ። የእናቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ በቴሌግራም የምናወራው በታናሽ እህቴ ስልክ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በላህ?» ነው፤ ሁለተኛው «ባህሩስ?»። ገና ነው ስላት «ኧረ ይሄ ባህር ምን ያህል ይርቃል፣ ወይስ አንተ ነህ የምታዘግመው?» ትለኛለች።

ከማላዊ ወዲህ ግን የማገኘው እህቴን ብቻ ሆነ። «ሱቅ ናት።» «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።» «ደክሟት ተኝታለች።» አንድ ጊዜ ልቤ ጠርጥሮ አፋጠጥኳት። «ጠበል ገብታለች» አለችኝ። «እግሯ አስቸግሯት ነበር። እዚያ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ።» እናቴን የሚያውቅ ይህን ያምናል፤ በየዓመቱ ጠበል ትገባ ነበር። አመንኩ። እንዲያውም ያ እግሯ ይሻላታል ብዬ ደስ አለኝ።

ያ ወቅት ደግሞ የጉዞዬ ምርጡ ወቅት ነበር። የሚገድለኝ ይሄ ነው። ሰውነቴ መንገዱን ለምዶ፣ ማታ የትም ብተኛ እንቅልፍ ሳይጠፋኝ፣ ጠዋት እያፏጨሁ እነሳ ነበር። ዛምቢያ ውስጥ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር የተጠበሰ በቆሎ ስበላ የተነሳሁት ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፤ ጥርሴ ሁሉ እየታየ ስቄያለሁ። ቀኑን አመሳከርኩት። ዲላ ላይ የእናቴ አርባ እየወጣ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያለቅስላት ልጇ በቆሎ ይግጣል።

ኬፕታውን ስደርስ ብስክሌቱን አሸዋው ላይ ጥዬ ከነጫማዬ ባህሩ ውስጥ ገባሁ። ቀመስኩት አይባልም፣ በእፍኜ ጠጣሁት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። እየሳቅሁ ደወልኩ።

«እማዬን አገናኚኝ» አልኳት እህቴን።

«ገና ከጠበል አልወጣችም» አለችኝ።

«በቃ አንቺው ንገሪያት። ራሴ ልነግራት ነበር፣ ግን አላስችል አለኝ። ባህሩ ጨው ነው በያት።»

«እሺ፣ እላታለሁ» አለች። ድምጿ ተሰባበረ። ምን ሆነሻል ስላት «ጉንፋን ነው» አለችኝ። እኔም ዝንጅብል በማር ጠጪ ብዬ መከርኳት።

እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን መጣሁ። ከናይሮቢ ዲላ ግን በወጣሁበት መንገድ፣ በብስክሌቴ ልግባ ብዬ ተነሳሁ። ሞያሌን፣ ያቤሎን፣ ቡሌ ሆራን አልፌ ይርጋጨፌ ስደርስ ቤቴ የገባሁ ያህል ነበር። ወናጎ ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ጋቢውን ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝና ቶሎ አልለቀቀኝም። «ዛሬ እዚሁ እኔ ቤት እደር፤ ነገ በማለዳ አብረን እንገባለን» አለኝ።

ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች። ይህን ሁሉ አገር ያቋረጠ ሰው ቤቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ ለምን ይደር? እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ባለ ሐዘኑን ዘመድ ቤት ያሳድሩታል፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ሰው ተሰብስቦ ይነግረዋል። እኔ ራሴ ጎረቤቶቼን እንዲህ እያሳደርኩ አርድቻለሁ።

«እማዬ ናት?» አልኩት።

«እደር ብዬሃለሁ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እማዬ ናት?»

መሬት መሬት አየ።

እንደማላድር ሲገባው ብስክሌቱን ሊጭንልኝ ሚኒባስ አስቆመ፤ እምቢ ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ከወናጎ ወደ ዲላ መንገዱ አብዛኛው ቁልቁል ነው፣ ሳይረግጡ ይወረዳል። በሄድኩበት አገር ሁሉ ቁልቁለት ስመኝ ኖሬ ያን ቀን ፍሬኑን አንቄ ይዤ ነው የወረድኩት። አጎቴ በአፉ አልነገረኝም፤ እስካልተነገረኝ ድረስ ደግሞ እናቴ ጠበል ናት። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉብኝ ያልፉኛል። የፍሬኑ ላስቲክ ሲቃጠል ይሸተኛል። እንዲያም ሆኖ መንገዱ አለቀ።

አጎቴ ስልክ ደውሎላቸው ኖሮ ግቢው በሰው ሞልቷል። እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። «ብቻህን ነበርክ» ትላለች፣ «በሰው አገር፣ ጫካ ውስጥ ማን ይይዘዋል ብዬ ነው።» ልክ ናት። በሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር፤ አገሩ በሙሉ እንዲያ ያደርጋል። ይህን ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ለወራት፣ አፈር ለለበሰች እናቴ «ሰላም በሉልኝ» እያልኩ ኖርኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል «ነገርሻት?» አልኳት፣ ስለ ባህሩ። የጅል ጥያቄ ነበር።

«መቃብሯ ላይ ሄጄ ነግሬያታለሁ» አለችኝ።

በሰው እንዳትልክብኝ ብላኝ ነበር።

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ አባቴ ራሱ «ቤት ውስጥ ታፍነህ ልትሞት ነው፤ ውጣ» ብሎ ገፋኝ። ጂቡቲ ደርሼ ልመለስ ብዬ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት። በመጀመሪያው ቀን ሐዋሳ ገባሁና አመሻሽ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው እህቴ ናት።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለችኝ።

«አባዬስ?»

«ደክሞት ተኝቷል።»

«ቀስቅሺው።»

«እባክህ ይተኛበት፣ አሁን ገና ነው ጋደም ያለው።»

ሲነጋ ፊቴን ወደ ዲላ አዞርኩ። ያንን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። አባቴ ሱቁ ውስጥ፣ የእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለአንዲት ሴት ጨው እየመዘነ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ረስተህ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ተኝቶ ነበር። እውነትም ተኝቶ ነበር። እህቴ እውነቱን ነው የነገረችኝ፤ እኔ ነኝ ከእንግዲህ መስማት የማልችለው። ቤት ያለ ሰው ደህና ነው ሲሉኝ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም፤ በዓይኔ ለማየት ደግሞ መራቅ የለብኝም። ብስክሌቱን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አወጣዋለሁ። ወናጎ ድረስ እወጣና እመለሳለሁ።