የምስክሩ መመለሻ

ሰውየው ከሐይቁ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ሴቻ ወዳለው ፍርድ ቤት የመጣው በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ከሥራ ለተባረረች አንዲት ሴት ሊመሰክር ነው። አባያ ዳር ባለ የጥጥ እርሻ በር ላይ ዘበኛ ነው። ሴትዮዋን «ጥጥ ሰርቃለች» ብሎ ያባረራት ድርጅት ለእሱም ደመወዝ ይከፍለዋል። የደንብ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቁልፎቹ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል።

ዳኛው ፊት ብዙ አልተናገረም።

«የዚያን ቀን ዘንቢሏን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ጥጥ አልነበረበትም» አለ። አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ አፈጠጠበት። እሱ ዓይኑን አልሰበረም።

ዳኛው የመጓጓዣ ወጪው እንዲከፈለው ስላዘዙ ወደ እኔ፣ ወደ መዝገብ ቤት ጸሐፊዋ መጣ።

«ሲመጡ ለመኪና ስንት ከፈሉ፣ አባባ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ጫማውን አየሁት። እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል። አዘንኩለትና «ግድ የለም፣ የመኪናውን ልጻፍልዎ» አልኩት።

«አይሆንም ልጄ። ምዬ የወጣሁት አሁን ነው።»

ድርጅቱን የከሰሰችው ሴትዮ ከጎኑ እንደቆመች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«የመመለሻውን ግን ጻፊ» አለኝ። «ጉልበቴ ዳገቱን እንጂ ቁልቁለቱን አይችልም።»

እየጻፍኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ነገ ወደ ሥራዎ ያስገቡዎታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ወደ ሴትዮዋ ዞር ብሎ አያት።

«ካላስገቡኝ እሷ ትመሰክርልኛለች» አለ።