በጆሮ የሚለካ ሙቀት

ጋሽ እንፋሎት ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲገቡ በእጃቸው የያዙት የሸሚዝ ካርቶን ነበር። ክዳኑ በእርሳስ ጫፍ ተበስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ በማስመሪያ የተለኩ ይመስል እኩል ተራርቀዋል። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"የሚሞት ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩኝ" አሉ። ሸሚዜ ለነገ ይደርሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ድምፅ ነበር።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ውሻና ድመት ነው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቼ አንድ ዓይኑን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ በሩ ያዞረ እስስት ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ስሙ ዳኛው ነው። ስሙን ያወጡለት የጋሽ እንፋሎት ባለቤት ናቸው፤ አንዱ ዓይኑ ከሳሽን፣ ሌላው ተከሳሽን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ነው ይሉ ነበር አሉ። እኚህ ሴት ከሞቱ ዘጠኝ ወር ሆኗል።

ጋሽ እንፋሎት በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ለሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የተኮሱ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን የሰጧቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ከካውያው ጭጋግ ውስጥ ሲወጡ ካልሆነ በቀር አይታዩምና። በቀብሩ ቀን አላለቀሱም። ሰው ደንግጠው ነው፣ ለቅሶው በኋላ ይመጣባቸዋል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሥራቸው ገቡና አርባ ሁለት ሱሪ ተኮሱ። ባለቤታቸው በመጨረሻው ሳምንት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ዳኛውን አደራ።" እሳቸውም እሺ ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ በየቀኑ የሚያደርጉት ሌላ ነገር ያለ አይመስልም፤ ለዳኛው ውኃ መርጨት፣ ለዳኛው ፌንጣ መስጠት፣ መብራቱን ማብራትና ማጥፋት።

ከኋላቸው አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ገባች። የሟች ባለቤታቸው ታናሽ እህት ናት፤ በዚያው ላውንደሪ አጣቢ ነች።

"ዶክተር፣ እሱ የሚነግርዎትን ብቻ እንዳይሰሙ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "እህቴ ሁለት ዓመት በጤና ያቆየችውን ይሄው በዘጠኝ ወር አጠቆረው።"

"አላጠቆርኩትም። እስስት ነው፣ ራሱ ይጠቁራል።"

"ኧረ! ጋሼ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጥርስህን አላየንም፣ ዛሬ ነው የምትቀልደው?"

"አልቀለድኩም።"

እውነታቸውን ነው፣ አልቀለዱም። የእስስት ባለቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እስስት ሲበርደው፣ ሲፈራ፣ ሲቆጣ ይጠቁራል። ግን ቀለም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ቁስል ባለበት ይቆያል። ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ዳኛውን በቅርንጫፉ እንዳለ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነውና ሦስታችንም ተመለከትን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጎኑ ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ሆዱ ላይ ቢጫ መስመሮች ወጡ። እንዴት ያምራል! የጀርባው ሸንተረርና ራስ ቁር የመሰለው አናቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ቀለም የፈሰሰ ይመስል ጠቁረው ቀሩ።

"እንግዲህ ቀለም አይደለም" አልኩ።

"ቆዳውን እየቀየረ መስሎኝም ነበር" አሉ ጋሽ እንፋሎት። "የተጣበቀ ቆዳ። ለብ ያለ ውኃ ስረጭለት ከረምኩ።"

"ሊልጡት ሞከሩ?"

"ለምን እልጣለሁ? ጨርቅ ካውያ ላይ ሲጣበቅ በጉልበት የሚያላቅቀው ጀማሪ ነው። አርጥበህ ትጠብቃለህ።"

ይህን ስሰማ ልጨብጣቸው ምንም አልቀረኝም። አልፎ አልፎ የሚመጡልኝ እስስቶች ግማሾቹ የተጎዱት በበሽታ ሳይሆን ባለቤታቸው ያልደረሰ ቆዳ ስቦ ሲልጣቸው ነው። የሚቀየር ቆዳ ይነጣል፤ ደብዝዞ እንደ ስስ ወረቀት ይሰነጠቃል፤ ገላውን በሙሉ ያዳርሳል። እንስሳው ራሱ በቅርንጫፍ እየታከከ ይጥለዋል። ጣትና ጅራት ላይ ጥቂት ቢቀር ርጥበት ያላቅቀዋል። የዳኛው ግን አልነጣም። ጠቁሮ ጠጥሯል፤ ጠርዙ ላይ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ ቦታም አለ። ሻጋታ ቢሆን ደግሞ የትም ቦታ ይወጣና ይስፋፋል። ይህ ሆድ አልነካም፣ እግር አልነካም። ፀሐይ እንደሚያገኘው የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ላዩን ብቻ ነው የያዘው።

"ከላይ የመጣ ነገር ነው" አልኩ። "ቃጠሎ ነው። መብራቱን ቀይረዋል?"

አጣቢዋ ወደ እሳቸው ዞረች።

"ከአራት ወር በፊት አምፖሉ ተቃጠለ" አሉ። "ሱቁ ውስጥ እንደ ድሮው ያለ አልነበረም። ያገኘሁትን ገዛሁ።"

"አልኩህ አይደል? እንዳገኘህ ሰቀልክና ሄድክ! አደራ እንዲህ ነው የሚጠበቅ? ዛሬ ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው፣ አለቀ።"

"እንዳገኘሁ አልሰቀልኩም። እህትሽ ታደርግ እንደነበረው አድርጌያለሁ። የእጄን ጀርባ እሱ የሚቀመጥበት ላይ አድርጌ እስከ ሦስት መቶ ቆጠርኩ። በማግሥቱም ደገምኩ። አላቃጠለኝም።"

"ውሸት!"

"ሦስት መቶ" አሉ እንደገና፣ ድምፃቸው ሳይጨምር ሳይቀንስ።

እኔን ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ፈተናው ትክክለኛ ነው፤ እኔም ለሰው የምነግረው እሱኑ ነው። እስስት ከመብራት ሥር በጊዜ አይሸሽም። በዱር የሚያውቃት ፀሐይ ሩቅ ናት፤ ገላውን አዳርሳ ቀስ ብላ ታሞቀዋለች። አምፖል ግን ቅርብ ነው፤ ሆዱ ገና ሳይሞቅ ጀርባው ይጠበሳል፣ እሱም እስኪሞቀው ብሎ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ የሰው እጅ በእሱ ፋንታ ይቃጠልለት ነው ነገሩ። ታዲያ እጁ ካልተቃጠለ ዳኛው ለምን ተቃጠለ?

ክፍሌ ውስጥ ለተሳቢ እንስሳት የምጠቀምበት መብራት አለ። አበራሁትና ስንት ቁመት ላይ እንደሰቀሉት ጠየቅኋቸው። "አንድ ስንዝር" አሉ። ስንዝሩን ለክቼ መጀመሪያ የራሴን እጅ አስገባሁ። ሠላሳ ስምንት ላይ ስደርስ ሳብኩት። ቀጥለው እሳቸው አስገቡ፤ አጣቢዋ ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር።

ሃምሳ አለፈ። ሰባ አለፈ። ጋሽ እንፋሎት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውሻ ክትባት ሰሌዳ ያነብባሉ። መቶ ላይ የእጃቸው ጀርባ መቅላት ጀመረ። መቶ አሥራ ሁለት ላይ አጣቢዋ ቁጥሯን ትታ ክንዳቸውን መነጨቀች።

"ጋሼ! እጅህ!"

"ምን ሆነ? በእንፋሎቱ ሁሌም ይቀላል" አሉ። እጃቸውን አገላብጠው እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት።

ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስነከርኳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ጠይቄ በጥጥ ጫፍ ነካኋቸው። ጣት ላይ፦ ምንም። መዳፍ ላይ፦ ምንም። የእጅ ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ ላይ፦ ምንም። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ስወጣ "እዚያ ጋ አለ" አሉ።

"እግርዎስ?"

"እግሬ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። ሳላደርግም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እንጃ። ቆይቷል።"

"እንዴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ካውያ ይዘህ አይታወቅህም?" አለች አጣቢዋ። ድምፅዋ ወርዷል።

"ካውያ በእጅ ማን ይለካል? ጣትሽን አርጥበሽ ጠብ ታደርጊበታለሽ። ቀስ ብሎ ሺሺ ካለ ለሐር ነው። ጠሽ ብሎ ከዘለለ ለጥጥ። እኔ ሙቀትን የማውቀው በጆሮዬ ነው።"

እስስቱ እየጠበቀኝ ስለ ካውያ አለካክ እየሰማሁ ቢሆንም ወንበሬን ስቤ ተጠጋሁ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? ጆሯቸው የእጃቸውን ጉድለት ሸፍኖ ኖሯል። መብራት ግን ድምፅ የለውም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"የማይሰማኝን ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ?" አሉ። "እሷ ስትሞት ሁሉም ነገር እንዲህ ሆነ። እጄም ከዚያው መሰለኝ።"

አጣቢዋ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ የረጠበ እጃቸውን እንደ ሕፃን እጅ አደረቀችላቸው።

ለሰው እጅ መድኃኒት የለኝም፤ ለሰው ሐኪም የምትሰጥ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ለዳኛው ግን የምችለውን አደረግኩ። የሕመም ማስታገሻና ኢንፌክሽን መከላከያ መርፌ ወጋሁት። የቁስል አዮዲን ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥኜ ቁስሉን በጥጥ አጸዳሁ፤ ለቃጠሎ የሚሆነውን ነጭ ቅባት ስስ አድርጌ ቀባሁት። ወፍራም ቅባት ቆሻሻ ይይዛል እንጂ አያድንም። ቅርፊቱ ራሱ እስኪወድቅ አይነካም። አምፖሉ በደካማ ይተካል፣ ከፍ ይላል፤ ሙቀቱም ከእንግዲህ በእጅ ሳይሆን ቅርንጫፉ ላይ በሚታሰር ቴርሞሜትር ይለካል።

"ጥጡ ምን ያህል ነው የሚጫነው?" አሉ ጋሽ እንፋሎት።

ለማሳየት ጥጡን ወደ ጣታቸው ዘረጋሁና መለስኩት። መጫኑን የሚነግራቸው ጣት የላቸውም።

"እኔ እቀባዋለሁ" አለች አጣቢዋ።

"ልትወስጂው ነው?"

"አልወስደውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳልገባ በአንተ በኩል አልፋለሁ። አንተ ያዘው፣ ሌላው ለእኔ።"

"እሺ" አሉ።

የሰው ሐኪሙ የስኳር በሽታ ነው አላቸው፤ ብዙ ዓመት ሳይታወቅ የቆየ። የሄደው ስሜት ላይመለስ ይችላል፣ የቀረውን ግን እንጠብቃለን ተባሉ። ይህን የነገሩኝ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው፤ የዳኛውን ክብደት ከነገሩኝ በኋላ፣ በዚያው ድምፅ።

ዳኛውን በየሁለት ሳምንቱ አየሁት። መጀመሪያ ቅርፊቱ ደረቀ። ከዚያ ጠርዙ እንደ አሮጌ የግድግዳ ወረቀት ተነሣ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አጣቢዋ ከሥራ ደወለችልኝ። "ነጣ!" አለች። "ዶክተር፣ መላ አካሉ ነጣ፣ እየታከከ ነው! ጋሼ ደግሞ ከአጠገቡ ወይ ፍንክች ብሏል፤ ሥራም አልገባም!" ከሰዓት በኋላ ቆዳው ተላቀቀ፤ የቅርፊቱን አብዛኛውን ይዞት ወረደ።

በማግሥቱ ያንኑ የሸሚዝ ካርቶን ይዘው መጡ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ ጠባሳ አለ። ርጥበት የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ስነካው ዳኛው አልተቆጣም። ድኗል። አንድ ነገር ግን መናገር ነበረብኝ፤ ጠባሳ ውስጥ ቀለም የሚለውጠው ነገር አይበቅልም። ቀሪው ገላው ሲያረነጉድና ሲጠቁር ያ ቦታ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ግራጫ ነው።

"ይኖራል ግን?" አሉ ጋሽ እንፋሎት።

"ይኖራል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቅልለው እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ አስገቡ። ዳኛው እግሩን እያነሣ፣ እየተወዛወዘ፣ መሄዱን ያልወሰነ ይመስል ጣታቸው ላይ ወጣ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የት ደረሰ?"

"መዳፍህ ላይ ነው" አለች አጣቢዋ።

ጠበቅን። እስስት አይቸኩልም።

"አሁንስ?"

"ሰዓት ማሰሪያው ጋ። ቆመ። አሁን ሄደ።"

አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር። ከሰዓት ማሰሪያው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ሲደርስ የጋሽ እንፋሎት ትከሻ ትንሽ ተሰበቀ።

"መጣ" አሉ።

ዓይናቸውን አልገለጡም። ዳኛው ክንዳቸውን በአራት እግሩ ጨብጦ አንድ ዓይኑን ወደ እኔ፣ አንዱን ወደ አጣቢዋ አዞረ።

"እህትሽ ጥፍሩ ይኮረኩራል ትለኝ ነበር" አሉ። "እውነቷን ነው።"