ለእንግዳ የምትተው ወንበር

አጎቴ በውጭ አገር «ለ ሊኞን» በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ምሳ ሲቀርብ አንዲት ወንበር ለማያውቁት እንግዳ ባዶ ይተዉ ነበር። ይህን የተማሩት ከሺህ ዓመት በላይ ከቆየ የአንድ የሮም ጳጳስ ታሪክ ነው። ጳጳሱ ድሆችን በገዛ ማዕዳቸው ያበሉ ነበር፤ አንድ ለማኝ መንገድ ላይ በረሃብ ሞቶ ሲገኝ ግን «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለው ለቀናት መቀደስ እንኳ ተዉ። «ጴንጤ ሆነው የጳጳስ ታሪክ ምን ያደርግልዎታል?» ስንላቸው፣ «እሱን ከምሳ በኋላ እንከራከራለን፤ አሁን በሩን ክፈቱ» ይሉን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ፣ ከዙሪክ የመጡት ፓስተር የአጎቴን ደግነት እያወሱ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ሁልጊዜ የሚያበሉት፣ ስደተኞች ካምፕ የሚኖረው ሰውዬ ነበር፤ ዝናብ አበስብሶታል፣ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። በሩን የከፈቱት የጉባኤው ሽማግሌ «ወንድሜ፣ ዛሬ ለቤተሰብ ብቻ ነው» ብለው መለሱት።

ከለቅሶ ቤት ሰው ይመለሳል? ምግቡም፣ ጸሎቱም፣ «አሜን» ማለታቸውም አስጠላኝ። ልጠራው ሮጬ ስወርድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል።

ተመልሼ ስገባ ፓስተሩ «የእኚህን አባት ቦታ ማን ይሞላዋል?» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ወንበሯን አየኋት። የለቀስተኛው ካፖርት ተከምሮባታል።